ደረጀን የጠበቅንበት ጾም

ባለፈው ወር አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቤት ሠርታ ገባችና እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ለቡ መብራት ኃይል ሄድኩ። የአጥሯን ግንብ ገና እየቀቡት ነበር። ቀለም መስሎኝ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ኖራ ነው፤ በውኃ የተበጠበጠ፣ ገና ያልደረቀ ኖራ። በዚህ ዘመን ኖራ የሚቀባ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ባልደረባዬ በሩ ላይ ሆና "ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?" ትለኛለች፤ እኔ ግን መዳፌን ግንቡ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ያደግሁት ከዚያ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ስመለስ ቤታችን የነበረበትን ፈልጌ አላገኘሁትም። ያኔ ሰፈሩ ገና ከተማ አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ወተት የሚሰጡን ገበሬው ኦቦ ቱፋ ላሞቻቸውን የሚነዱት በደጃችን ነው። አባዬ ለሥራ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ፣ ክረምት ከሆነ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ጭቃውን ያልፍና እዚያ ሲደርስ ታጥቦ ይጫማል። ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ደረጀ ራሱ ጭቃ ረግጦ የሠራት አንዲት ጠባብ ክፍል ተለጥፋበታለች።

ደረጀ ታላቅ ወንድሜ ነው። በእሱና በእኔ መካከል የተወለዱት አልበረከቱም፤ ስለዚህ በዕድሜ በጣም ይርቀኛል። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ኳስ ሜዳ ይወስደኝና፣ ሲጫወት ልብሱን እኔ ላይ ከምሮ "ጠባቂ ነሽ፣ እንዳትነቃነቂ" ይለኛል። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ከዚያው ሜዳ ታፍሶ ተወሰደ። የዚያን ቀን እኔ አብሬው አልነበርኩም። ልብሱን ያመጣልን ሌላ ልጅ ነው። ደረጀ በማሊያው እንደሆነ ሄደ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ወታደሮችም መመለስ ጀመሩ። አንዳንዱ በሰው ትከሻ ተደግፎ፣ አንዳንዱ ካርቶን እግሩ ላይ አስሮ ይመጣል። እማዬ ቀኑን ሙሉ ደጅ ደጁን ታያለች። ካኪ የለበሰ ሰው ካለፈ ዳቦ ይዛ ትሮጥና መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ እጁን ታያለች፤ ደረጀ የግራ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ነበረበት። ዳቦውን ከሰጠች በኋላ ተመልሳ የደረጀን ክፍል ኖራ ትቀባለች። ቤት የሚቀባው ለዓመት በዓል ነው፣ የእሱ ክፍል ግን ምንም ቀን አትጠብቅም። ጭስ ሲነካት፣ ዝናብ ሲያንጠባጥብባት፣ ወይም እማዬ ሆዷ ሲባባ ትቀባለች። ኖራውን በዘይት ቆርቆሮ መበጥበጥ የእኔ ሥራ ነበር። እንዲይዝ ጨው ይጨመርበታል፣ እንዳይጎረብጥ በአሮጌ ነጠላ ይጠለላል። እጄ ይሰነጣጠቅ ነበር። እኔ ግን ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ሲነጣ ደረጀ የሚመጣ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጥግ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ካየሁ ለብቻዬ ተመልሼ እቀባው ነበር።

በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አባዬ ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። እማዬ ፊቱን አይታ ብድግ አለች።

"ምን ሰማህ? ስለ ልጄ ነው አይደል?"

"አዎ" አለ አባዬ።

"ምን አሉህ? ተናገር እንጂ!"

አባዬ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ "ታይቷል አሉ" አለ። "ሱዳን ነው አሉ። ተሻግሮ ካምፕ ገብቷል።"

እማዬ እልል አለች። ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን እንደያዙ መጡ፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽም እጇ ሊጥ እንደሆነ ደረሰች። የዚያን ቀን ያህል ደስታ በቤታችን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሱዳኑ ደረጀ በየጊዜው አዲስ ነገር እንሰማ ጀመር። እማዬ ትጠይቃለች፣ አባዬ እግሩን እየታጠበ ይመልሳል። ምን ይበላል? ወጥ ቤት ውስጥ ነው አሉ የሚሠራው። ከስቷል? ኧረ ወፍሯል አሉ። ለምን አይጽፍም? ከካምፑ ደብዳቤ አያወጡም አሉ። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ ወንድሜ ዐረብኛ ይችላል ብዬ አወራሁ። እሱን ግን አባዬ አልነገረኝም፣ ራሴ የጨመርኩት ነው።

አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ስዞር አባዬን በርሜሉ ጀርባ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። "አባዬ ምን ሆንክ?" ስለው "ጥርሴን ነው" አለኝ። ሮጬ ከማጀት ቅርንፉድ አመጣሁለት። አየኝ፣ ከእጄ ተቀበለኝ፣ አፉ ውስጥ ከቶ ነከሰው። "ተሻለህ?" አልኩት። "ተሻለኝ ልጄ" አለ። ከዚያ ወዲህ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ቅርንፉድ ይዤለት እዞር ነበር። ብዙ ጊዜም ይፈልገው ነበር።

እማሆይ የመጡት በቅበላው ሳምንት ነው። የአባዬ አክስት ናቸው። መንዝ ውስጥ ገዳም ሲኖሩ ቆይተው እግራቸው አብጦ ለሕክምና ወደ እኛ መጡ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች አባዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሲጠሩትም እንደ ልጅ "አንተ ንጉሤ" ነው የሚሉት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሴት ነበሩ። ቢጫ ቆባቸው ሥር ያለው ግንባራቸው ከስግደት ብዛት ጠቁሯል። መነኩሴ ሲባል ቁጡ የሚሆኑ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የመጡ ዕለት ከጉያቸው የተጠበሰ ባቄላ አውጥተው ሰጡኝ።

የሚተኙበት ቦታ ስለሌለ እማዬ እያቅማማች የደረጀን ክፍል ሰጠቻቸው። "እስኪመጣ ነው እማሆይ፣ ቅር እንዳይልዎ" አለቻቸው።

"ከየት ነው የሚመጣው?" አሉ እማሆይ።

እማዬ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሱዳኑን፣ ካምፑን፣ ወጥ ቤቱን፣ መወፈሩን። እማሆይ እየሰሙ አባዬን ነበር የሚያዩት። አባዬ ደግሞ የሚያየው የአውራ ጣቱን ጥፍር ነው።

በማግስቱ አባዬን ወደ ጓሮ ጠሩት። የተባባሉትን ሁሉ አባዬ የነገረኝ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያኔ እኔ የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነበር።

"ማን ነው ያየው?" አሉት።

አባዬ እሳቸውን መዋሸት አልቻለም። ከደረጀ ጋር የዘመተ ግርማ የሚባል ልጅ አባዬ የሚሠራበት ፋብሪካ በር ድረስ መጥቶ ነግሮታል። ደረጀ ወሎ ውስጥ፣ ከጦርነቱ ማለቅ ጥቂት ቀደም ብሎ ሞቷል። የቀበረው ግርማ ራሱ ነው። ማተቡን ፈትቶ አምጥቶለታል፤ አባዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ይዞራል።

"አፌን የከፈትኩት ሞቷል ልላት ነበር" አላቸው አባዬ። "ፊቷን አየሁት። በቃ አቃተኝ። አንድ ቀን ትደሰት አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ባሰብኝ።"

"እና መቼ ልትነግራት ነው?"

"ከፋሲካ በኋላ።"

"ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ በዓሉን አላበላሽባትም ትላለህ።"

አባዬ ተቆጣ። "እማሆይ፣ ጌታ ራሱ እኮ አልዓዛር ሲሞት ተኝቷል ነው ያለው! ለሰው መራራት ኃጢአት ነው እንዴ?"

እማሆይ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ አለኝ አባዬ። "ወንጌሉን ስታነብ ግማሹ ላይ ታቆማለህ ንጉሤ። ደቀ መዛሙርቱ ተኝቷል ሲላቸው አልገባቸውም። ሳይገባቸው ሲቀር በግልጽ ሞቷል አላቸው። ነግሯቸውም ዝም ብሎ አልቀረም፤ ተነሥቶ አብሯቸው ሄደ፣ የአልዓዛር እህቶች ዘንድ ደረሰ፣ አለቀሰ። እውነት እንዲህ ነው የሚነገረው። እግዚአብሔር ቃሉን በሰው አፍ ሲልክልን ኖሮ በመጨረሻ ራሱ የመጣው ለምን ይመስልሃል? እውነት ብቻውን አይላክም። ተናግሮ የሚሸሽ ሰው ጨካኝ ነው፣ እሱስ ልክ ነህ። አንተ ግን ነግረሃት የትም አትሄድ። አብረሃት ተቀመጥ።"

"ትሞትብኛለች።"

"አሁንስ ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ከሌለ ሰው ጋር እኮ ነው። እውነት በርህ ላይ ቆሟል፤ እስከ መቼ ውጭ ታቆመዋለህ?"

እኔ ቆርቆሮዬን ይዤ ጥጉን ስዞር የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። እውነት የሚባል ሰው በራችን ላይ ቆሟል! አባዬ ደግሞ አላስገባው ብሏል። ሮጬ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። የኦቦ ቱፋ ጥጃ አጥራችንን እያሸተተች ነበር፣ ሌላ ማንም የለም። ወዲያና ወዲህ አየሁ። ምናልባት መጠበቅ ሰልችቶት ሄዷል ብዬ አዘንኩለት።

ለእማሆይ ነገርኳቸው። "እማሆይ፣ እውነት የሚባለው ሰውዬ ሄዷል፤ በሩ ላይ አጣሁት።"

ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ሳቁ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ነጠላዬን እያስተካከሉልኝ "ሰው መሆኑን ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ። ቆሟል ብለዋል።"

"ብያለሁ" አሉ። "ጲላጦስ የሚባል ዳኛ ነበረ። ጌታን አስረው ፊቱ አቆሙለት። እሱም እውነት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ወጥቶ ሄደ። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፣ አየሽ? ማን ነው ቢል ኖሮ እኮ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር፣ እጁን ታስሮ። እና አንቺ ከዳኛው ትሻያለሽ። ቢያንስ ወጥተሽ ፈልገሽዋል።"

የገባኝ ግማሹ ነው። እጁን የታሰረ ሰው በር ማንኳኳት አይችልም ብዬ አሰብኩ፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ገርበብ አድርጌ እተወው ነበር። እማዬ ዶሮዎቹ ወጡ ብላ ትቆጣኛለች።

አባዬ ግን አልተናገረም። ጾሙ ተጀመረ። እማሆይ በየቀኑ ያዩታል እንጂ ደግመው አልጠየቁትም። እሳቸው ሊነግሯት ይችሉ ነበር፤ ግን የመናገሩ ነገር የአባዬ ነው ብለው ጠበቁት። እስካሁን ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። እሳቸውም በኋላ "ጠብቄ አበዛሁት ይሆን?" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

የጾሙ እኩሌታ ላይ እማዬ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። መተማ ድረስ የሚጭን የመኪና ሾፌር አግኝታለች። ከመተማ ሱዳን ቅርብ ነው ብሏታል። ሰኞ ትሄዳለች። በሶ ማስፈጨት፣ ዳቦ ቆሎ መቁላት ጀመረች። ለደረጀ አዲስ ሸሚዝ አጠፈች፣ አየችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። "ወፍሯል ካሉ ይጠበዋል" አለች ለራሷ።

አባዬ ሲመጣ በሶውን አየ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ልጄን ላመጣ ነው። አንተ ሥራህን አትልቀቅ፣ እኔ እሄዳለሁ።"

አባዬ ግራ ገባው። "አሰለፈች... ካምፑን እኮ አዛውረውታል አሉ። ኬንያ ነው አሉ አሁን።"

እማዬ እጇን ከበሶው አወጣች። "ትናንት ወዲያ ሱዳን ነበር።"

"አዛወሩት አልኩሽ።"

"ማን ነው የሚነግርህ? ሰውየውን አምጣልኝ፣ ራሴ ልጠይቀው።"

አባዬ ጃኬቱን እንደለበሰ ወጥቶ ሄደ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

"ሙልዬ፣ አባትሽ ስለ ደረጀ ሌላ ነገር ሲያወራ ሰምተሻል?"

"አልሰማሁም።"

"እማሆይስ? ምን ተባብለዋል?"

"እማሆይ፣ እውነት በር ላይ ቆሟል፣ እስከ መቼ ውጭ ታቆመዋለህ አሉት። ሄጄ አየሁ እማዬ፣ ማንም የለም። ጥጃዋ ብቻ ናት።"

እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ አጠገቧ ነበር፣ ግን መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። የተናገርኩት ነገር ምኑ እንዳስደነገጣት አልገባኝም፤ እንደምትወድቅ ስላሰብኩ ትከሻዋን ያዝኩ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ ደረጀ ክፍል ሄደች። እማሆይ እዚያ አልጋው ላይ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። አንድም ቃል አልጠየቀቻቸውም። የኖራውን ብሩሽ አንሥታ ትናንት የቀባችውን ግድግዳ እንደገና መቀባት ጀመረች። እማሆይም መቋሚያቸውን ይዘው ወጡና አባዬን ፍለጋ ሄዱ፣ በዚያ ባበጠ እግራቸው።

ሲመለሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አባዬን በክንዱ ይዘውታል። ኦቦ ቱፋና እትዬ በላይነሽ ከኋላቸው አሉ፤ ጎረቤቶቹን በመንገድ ላይ እማሆይ ነግረዋቸዋል። እኔ ሰው ሲበዛ ደስ አለኝ። ደረጀ መጣ መሰለኝ።

አባዬ ክፍሉ መግቢያ ላይ ቆመ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀባለች።

"አሰለፈች" አለ።

አልዞረችም።

"ደረጀ ሞቷል። ሱዳን አልሄደም። ውሸቴን ነው።" እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰድዶ ማተቡን አወጣ። ጥቁር ክር፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል ያለበት። ክርስትና ሲነሣ ያሠረችለት እሷ ናት።

እማዬ ዞራ ማተቡን አየችው። ከዚያ ብሩሹን ይዛ የአባዬን ደረት መታችው። ደግማ መታችው። ኖራው ጃኬቱ ላይ፣ አገጩ ላይ፣ ዓይኑ ውስጥ ተረጨ። አባዬ እጁን እንኳን አላነሣም። እትዬ በላይነሽ ልትይዛት ስትል እማሆይ "ተያት" አሏት። ሦስተኛ ስታነሣ ብሩሹ ከእጇ ወደቀ፣ እማዬም ማተቡን ነጥቃ አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከእናቴ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር።

ለቅሶው ውስጥ እኔን የጠየቀኝ የለም። ራሴን ነበር የምጠይቀው። የሞተው የወሎው ደረጀ ነው፤ የሱዳኑስ? ወጥ ቤት ያለው፣ የወፈረው፣ ዐረብኛ የሚችለው? ለወሎው ሁሉም ሰው ያለቅሳል። ለሱዳኑ ግን ማንም አላለቀሰም። ከኦቦ ቱፋ ማሳ ዳር ሄጄ ለብቻዬ አለቀስኩለት። እማሆይ እዚያ አገኙኝና ምን እንደሆንኩ ስነግራቸው አልሳቁም።

"የሱዳኑ አልተወለደም ልጄ" አሉኝ። "ያልተወለደ ደግሞ አይሞትም።"

"ታዲያ ያለቀስኩት ለማን ነው?"

"ለወንድምሽ ነዋ። ሌላ ማንን ታውቂያለሽ?"

አቅፈውኝ ተቀመጡ። የሱዳኑ ደረጀ ቀስ እያለ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ኳስ ሲጫወት ልብሱን እኔ ላይ የሚከምረው ብቻ ቀረ።

ለቀስተኛው ሲቀንስ እትዬ በላይነሽ እማሆይን ስትወቅስ ሰማኋት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እማዬን አቅፋ ያደረችው እሷ ናት። "ምን ነበረበት እማሆይ" አለች፣ "ተስፋዋን እንኳን ቢተዉላት?"

እማሆይ ሊመልሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እማዬ ከተኛችበት ፍራሽ ላይ ተናገረች። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። "ምን ተስፋ ነው በላይነሽ? ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እልል ስል ከረምኩ። ፍትሐት ሳይደረግለት፣ እናቱ ሳታለቅስለት። ሰው ሁሉ እያየኝ።"

በዚያው ሳምንት ቄሶቹ ፍትሐት አደረጉለት። ስሙ ሲጠራ፣ የክርስትና ስሙ ነው የተጠራው፣ እማዬ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። በመጨረሻ አንድ ነገር ልታደርግለት መቻሏ ትንሽ ያሳረፋት ይመስል ነበር።

ከአባዬ ጋር ግን አትነጋገርም። ምግቡን በእኔ ትልክለታለች። እሱም ማታ ከሥራ ሲመለስ ከፊቷ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። እማሆይ የነገሩትን ይዞ ነው፤ ነግሮ አልሄደም። ፊቷን ስታዞርበትም፣ ስትረግመውም እዚያው ነበር። ከሥራ በቀጥታ ይመጣል፣ ይቀመጣል። ትልቅ ስሆን ከሁሉ የከበደህ የቱ ነበር ብዬ ጠይቄው "መቀመጡ" ብሎኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ግርማን አስጠራችው። መጣ። በአንድ እግሩ የሚያነክስ፣ የሚያፍር ልጅ ነው። ዓይኗ እግሩ ላይ ቀረ፤ ጠንካራ የወታደር ጫማ ነበር ያደረገው። ግርማ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ።

"የእሱ ናቸው እማማ። የእኔ ተበጫጭቀው ነበር። ራሱ ነው ውሰድ ያለኝ። ልመልስልዎት ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ተዋቸው" አለችው። "እሱ የሰጠህን እኔ አልቀማህም። ቁጭ በልና ንገረኝ። እንዴት ነው የሞተው?"

"ወዲያው ነው እማማ። ምንም አልተሠቃየም።"

እማዬ ረጅም ጊዜ አየችው። "ልጄ፣ አንተ ደግሞ አትዋሸኝ።"

ግርማ ወደ እማሆይ አየ። ከዚያ አቀርቅሮ ተናገረ። ጠዋት ነው የተመታው፤ ሆዱን ነው። እስከ ከሰዓት ቆይቷል። ውኃ ይጠይቅ ነበር፣ ግርማ በቆቡ ከወንዝ ቀዳለት። ያቃስት ነበር። አንድ ጊዜ ግርማ ሊያበረታው ሲዘምር "ድምፅህ ከቁስሉ ይብሳል" ብሎ ቀልዶበታል። ቆይቶ ለመነው፤ እንዳትተወኝ አለው።

"ተውከው?" አለች እማዬ።

"አልተውኩትም። ጦሩ ሸሽቶ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። እግሬን የተመታሁት በዚያ ምክንያት ነው። እስኪያልፍ እጁን ይዤ ነበር። ግራር ሥር ቀበርኩት።"

እማዬ የግርማን እጅ ያዘች፣ ገልብጣ መዳፉን አየችው። ከዚያ ሳመችው። "ይሄ ነው" አለች። "ሳልሰማው ልቀር የነበረው ይሄ ነው።" አባዬ ከጥጉ ሆኖ ይሰማ ነበር። እሱም የመጨረሻውን ሲሰማ ገና የመጀመሪያው ነው፤ ፋብሪካው በር ላይ ግርማ ይሄን አልነገረውም፣ አባዬም አልጠየቀውም ነበር።

ብዙ ሰው የሚያጽናና ነገር ብሎን ነበር። ከዚያ ሁሉ እማዬ የኖረችበት ግን ያን የሚያስፈራ ታሪክ ነው። ልጇ ሲሞት እጁን የያዘ ሰው እንደነበረ ያወቀችው ተሠቃይቶ እንደነበረም ስላወቀች ነው። አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት አይቻልም ነበር።

ፋሲካ መጣ። እማዬ በግ አይታረድም አላለችም። "ክርስቶስ ተነሥቷል፤ እሱም እውነት ነው" አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን፤ እማሆይ፣ ግርማ፣ አባዬ፣ እማዬና እኔ። አባዬ ጸሎት ሲያደርግ መጨረሻ ላይ "ደረጀንም ነፍሱን ይማር" አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። እማዬ "አሜን" አለች።

ስንበላ እማዬ ከሥጋው መካከል ቅልጥሙን አወጣችና ይዛው ቆየች። ልጇ ከሄደ ጀምሮ ስለ እሱ ስታወራ "ይወዳል፣ ይጠላል፣ ይስቃል" ነበር የምትለው።

"ደረጀ ቅልጥም ይወድ ነበር" አለች።

ሁላችንም እጃችን ቆመ። አባዬ "ይወድ ነበር" አለ በቀስታ። "ሲመጠው ሰፈር ነበር የሚሰማው።"

ግርማ ሳቀ፣ እማሆይም ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ሳቁ። እማዬ ቅልጥሙን ወደ አባዬ ዘረጋች። እውነቱን ከነገራት ቀን ጀምሮ በቀጥታ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው።

"እንካ" አለችው። "አንተ ብላለት።"

አባዬ በሁለት እጁ ተቀበላት። እያለቀሰ በላው፣ እዚያው፣ ሁላችን ፊት።